ቀይ የታሰረባቸው ዋንዛዎች

ሌሞ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለራሄል፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ሐዋሳ ያለው ቤትሽ፣ ሥራሽ፣ እናትና አባትሽ ሁሉም ደኅና ይሁኑ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። መልሱን ያዘገየሁት ንቄሽ አይደለም፤ እጄ ቀርፋፋ ነው። እኔ የሆመቾ ልጅ ነኝ፤ አፌን የፈታሁት በሀዲይኛ ነው። ፊደል ያስቆጠረኝ ባለቤቴ መምህር ሀብቴ ነው፣ ነፍሱን ይማርና። አማርኛው ከአፌ ቶሎ ቢወጣም ከእጄ የሚወጣው ቀስ እያለ ነው። በስልክ እንዳላናግርሽ ደግሞ እንባ ይቀድመኛል፤ የደወልሽ ቀን ሰምተሽኛል። ወረቀት ይሻለኛል። ወረቀት ሰው እስኪረጋጋ ይጠብቃል። ይህንን ሆሳዕና ወርጄ መናኸሪያው ላይ ለሐዋሳው አውቶብስ ሾፌር እሰጠዋለሁ።

የዕንባቆምን ወሬ እንዴት እንደሰማሁ ጠይቀሽኛል። እናቱን የጠየቀ ሰው የለም፤ አንቺ ስለጠየቅሽኝ አመሰግንሻለሁ።

ያን ቀን ማለዳ እንሰት ልፍቅ ወደ ጓሮ ወርጄ ነበር። ነሐሴ ስለሆነ ያካፋል። ልጄ ከጊቤ በረሃ ተመልሶ ቅዳሜ እገባለሁ ብሎኝ ስለነበር ቡላ ላዘጋጅለት ነው። ጎረቤቴ ገነቴ የራሷን የቀርከሃ መፋቂያ ይዛ መጣችና «ላግዝሽ» ብላ አጠገቤ ቁጭ አለች። ደስ አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ሌላዋ ጎረቤት መጣች። ከዚያ ሌላ።

«ዛሬ ምን ነካችሁ? ደቦ ጠርቻለሁ እንዴ?» ብዬ ሳቅኩባቸው።

ማንም አልሳቀም። ገነቴ ብቻ «ዝም ብለሽ ፋቂ፣ አንቺ ወሬኛ» አለችኝ። ድምፅዋ ግን የቀልድ አልነበረም።

ለካ ሁሉም ያውቁ ኖሯል። ሽማግሌዎቹ እስኪሰበሰቡ፣ ወንድሜም ከሆመቾ እስኪደርስ እጄን ሥራ ሊያስይዙት ነው የመጡት። የገነቴ ባል ጋሽ ባፈና ባርኔጣውን አውልቆ በእንሰቱ መሀል ሲመጣ ሳይ መፋቂያዬን አስቀመጥኩ። መኪናው ከጊቤ ሲወጣ መገልበጡን የነገረኝ እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጽፈውም።

ቀብሩ ላይ አልነበርኩም ብለሽ ይቅርታ ጠይቀሽኛል። ምን አድርገሽ? ስልክ የማይሠራበት በረሃ ለዚያው ለዛፍ ሥራችሁ ሄደሽ ነበር። ልጄ ብቻውን አልሄደም፤ ይህን እወቂ። ከአንጋጫ ሳይቀር ሰው መጣ። የእድሩ ድንኳን አልበቃ ብሎ ወንዶቹ በጎኑ ሌላ ዳስ ጣሉ። መምህር ሀብቴ ሲሞት እንኳ ያን ያህል ሰው አልወጣም።

ዓለሚቱ፣ የዕንባቆም እናት


ሐዋሳ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እማማ ዓለሚቱ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ቤቱ ብቻዎን እንዳይከብድዎ እሰጋለሁ። ደብዳቤዎን አንብቤ ቢሮውን ዘግቼ ወጣሁ፤ ይህን የምነግርዎ ልቤ ከእርስዎ ጋር እንደሆነ እንዲያውቁ ነው።

ከዚያ በኋላ በሾፌሩ የላኳት አጭር ወረቀትም ደርሳኛለች። ዕንባቆም በደጃችሁ ባሉት ዋንዛዎች ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰረው ለምን እንደሆነ ጠይቀውኛል። ለምን እንደፈለጉት አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠይቅም። መልሱ ይህ ነው። ቀይ የታሰረባቸው እሱ የሚከታተላቸው ናቸው። እንዳይነኩ፣ ከሌሎቹም ጋር እንዳይምታቱ ብሎ ነው ያሰረው።

ሥራችንን ምናልባት በቅጡ አላስረዳዎት ይሆናል። እሱ ስለ ራሱ ሲያወራ አያምርበትም ነበር። የእናንተን ዋንዛዎች ከተማሪነቱ ጀምሮ በየዓመቱ ሲጠብቃቸው ኖሯል። የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የመጀመሪያው ነጭ አበባ የሚፈነዳበትን ጊዜ። ልጅ ሳለ አባቱ እንዳሳዩት፣ ድሮ የሌሞ ዋንዛ የሚያብበው ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ ነበር። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ አበባው ወደ መስከረም መጣ። የአንዳንዱ ዓመት ከዚያም ቀደመ። ዛፉ ክረምት ሳይወጣ ካበበ አበባውን ዝናብ ያረግፍበታል፤ ንብም በዝናብ ከቀፎው አይወጣም። ንብ ያልጎበኘው አበባ ፍሬ አይሰጥም። ፍሬ ከሌለ ችግኝ የለም፤ ማሩም ይሳሳል።

ጊቤ የሄደውም ለዚሁ ነው። በሞቃቱ ቆላ ያለው ዋንዛ ከደጋው ምን ያህል ቀድሞ እንደሚያብብ ሊያይ ነው። «ራሄል፣ ቆላው በእግሩ ወደ እኛ እየወጣ ነው» ይለኝ ነበር።

እሱ የጀመረውን ጽሑፍ እየጨረስንለት ነው፤ የቀረን ያለፈው ክረምት ብቻ ነው። «ስመለስ የእማዬን ዋንዛዎች አያቸዋለሁ» ያለኝ የመጨረሻ ቃሉ ነው። በሌላ ዛፍ ልንተካቸው አንችልም፤ የየዓመቱ ቀን የተያዘው የእነሱ ብቻ ነው። እማማ፣ አብበው ነበር? ቀኑ ትዝ ባይልዎ እንኳ ወራቱን ቢነግሩኝ ይበቃኛል።

ልጅዎ ራሄል


ሌሞ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለራሄል፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ ደኅና ነኝ። ገብሱ ታጭዶ ገብቷል፤ ጋሽ ባፈና ነው ሰው ሰብስቦ ያስገባልኝ።

ዛፎቹን ሄጄ አየኋቸው። አበባ የለባቸውም። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ አትቀየሚኝ።

ልጅ ሳለ እንዴት እንደነበረ ግን በደስታ እጽፍልሻለሁ። የዋንዛ ፍሬ እንደ ሙጫ እንደሚያጣብቅ ታውቂያለሽ። አንድ ጊዜ የአባቱን የፈተና ወረቀት እርስ በርሱ አጣብቆ ተማሪዎቹን ከፈተና አስጣላቸው። ክፍሉ በሙሉ ሲወደው፣ አባቱ በጓሮ በኩል አባረረው። ዛፉ ላይ ወጣ።

«ውረድ፣ አንተ ጦጣ። ንብ ይነድፍሃል» አለው መምህር ሀብቴ።

«ንቦቹ አልፈሩኝም አባዬ። አንተ ምን አስፈራህ?»

አባቱ አርጩሜውን ጥሎ ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ አብረው ነው ዛፉ ሥር የሚቆሙት።

አድጎ ተምሮ ሲመጣም ሰዉ ይቀልድበት ነበር። በደጃችን ያለፈ ሁሉ «የዛፍ ሐኪም፣ ዛሬ በሽተኛህ እንዴት አደረ?» ይለዋል። እሱ ደግሞ ሳይስቅ «ትኩሳት አለበት» ይላቸዋል። እኔ አፍሬበት አላውቅም። ሌላው ልጅ ተምሮ ቢሮ ሲገባ የእኔ ልጅ ተምሮ ዛፍ ሥር ቆመ ብለው ሲያሙኝ፣ አዎ፣ የእኔ ልጅ ዛፍ ሥር ይቆማል እላቸው ነበር።

ጤና ይስጥሽ።

ዓለሚቱ


ሐዋሳ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እማማ ዓለሚቱ፣

እንኳን ለጥምቀት በሰላም አደረስዎ። «ትኩሳት አለበት» ያለውን ለባልደረቦቻችን አነበብኩላቸው፤ ብዙ ሳቁ።

አሁን ስለማስቸግርዎ ይቅር ይበሉኝ። «አበባ የለባቸውም» ብለውኛል። አሁን የለባቸውም ማለትዎ ነው ወይስ ባለፈው ክረምትና በጥቅምት ጭራሽ አላበቡም? ልዩነቱ ትልቅ ነው። ዕንባቆም የጠበቃቸው ዛፎች በአንድ ዓመት ጨርሰው ማበብ ተዉ ከተባለ የጽሑፉ ዋና ነገር እሱ ይሆናል። የሚታተመው በእሱ ስም ነው። የማናውቃቸው ሰዎች ያነቡታል፣ በእሱ ላይ ተመርኩዘው ሌላ ይጽፋሉ። እሱ ደግሞ ያላየውን አየሁ ብሎ አያውቅም። ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

ጽሑፉን የካቲት መጨረሻ ላይ ማስረከብ አለብን። በረዶ መትቷቸው ከሆነ፣ ሰውም ቆርጧቸው ከሆነ ይንገሩኝ። ማንንም አልወቅስም።

ራሄል


ሌሞ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ራሄል፣

ስለታገሥሽኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማንንም አልወቅስም ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት።

አበባ የለባቸውም ያልኩሽ እውነት ነው። ግን ቅርንጫፍም የላቸውም። ቅርንጫፋቸው ለልጄ ለቅሶ ዳስ ሆኗል። ያስቆረጠው ጋሽ ባፈና ነው። ስለ ቀዩ ጨርቅ የጠየቅኩሽ ለዚህ ነበር። ዝም ያልኩት ለእሱ ብዬ ነው። ባፈና የልጄን ሳጥን ከፊት ሆኖ ተሸክሟል። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ መሬቴን ያረሰልኝ፣ ዕንባቆም ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሻንጣውን ተሸክሞ እስከ መናኸሪያ የሸኘው እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው የልጄን ሥራ ቆረጥክ ብዬ እንዴት ልንገረው? ዝም ካልኩ ደግሞ በሕይወቱ ያልዋሸውን ልጄን ከሞተ በኋላ እኔ ላስዋሸው ነው። ከሁለቱ የባሰው ይኼኛው ሆነብኝ።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ እነ ባፈናም ከጸሎት ቤታቸው ተመልሰው ነበር። ገባሁ። የተነጋገርነው በሀዲይኛ ነው፤ በአማርኛ እንዲህ ይሆናል።

«ጋሽ ባፈና፣ ለዳሱ እነዚያን ዋንዛዎች የመረጥከው ለምን ነበር?»

«ምልክት ነበረባቸዋ» አለኝ። «መንገድ የሚሠሩት ሰዎች ቀይ የቀቡት ዛፍ ሁሉ ተቆርጦ የለም እንዴ? የእኔ ባሕር ዛፍ ተቀብቶ አልነበር? ልጁም ቀይ ሲያስር ለእንጨት የለያቸው ናቸው አልኩ። ወጣቶቹን ‹ቀይ የታሰረበትን ብቻ ቁረጡ፣ ሌላውን ብትነኩ ዕንባቆም ያዝንብናል› አልኳቸው። ምነው?»

«ቀዩ አትንኩ ማለት ነበር።»

ገነቴ ድስቱን ከእሳቱ አወረደች። ባፈና መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው።

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?» አለ።

«ነግሮሃል እንጂ» አለችው ገነቴ። «‹ዛፎቼን ጠብቅልኝ› ባለህ ቁጥር ‹ትኩሳታቸው በርዷል፣ ሂድ› እያልክ ትስቅበት ነበር።»

«አንዴ የቀበርኩት አልበቃኝም ኖሯል» አለ ባፈና። ሰውዬው ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር፤ በቀብሩም ቀን አላለቀሰም። እኔ የመጣሁት ላስለቅሰው እንዳልሆነ ልነግረው ስል እጁን አነሳብኝ። «ጻፊላት የዕንባቆም እናት። ባፈና የሚባል ሰው በመጥረቢያ አስቆረጠው በያት። ስሜን ከነአባቴ ጻፊ። ዛፉ ሰነፈ ተብሎ እንዳይጻፍበት።»

«ዛፉማ መቼ ሰነፈ?» አለች ገነቴ። «አብቦ ነው የተቆረጠው። ምንጣፉን የጠረግኩት እኔ አይደለሁ? አበባው ንፍሮው ላይ ሲረግፍ፣ ሻይ ውስጥ ሲገባ። አንተ ራስህ ከነአበባው ጠጥተሃል።»

«በነሐሴ?» አልኳት። «በነሐሴ ዋንዛ ያብባል እንዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ጠና ቀርጾታል፤ ሄደሽ እዪ።»

እኔ እዚያው ዳስ ውስጥ ነበርኩ። ግን ያን ሰሞን ቀና ብዬ ምንም አላየሁም።

ጠና መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ቤት ያለው ሰው ነው፤ ሠርግም ለቅሶም ይቀርጻል። ለቅሶውን እንዲቀርጽ ወንድሜ ነግሮት ነበር፤ እኔ ወስጄው አላውቅም። ማየት አልፈለግኩም። ማክሰኞ ሦስታችን በጋሪ ወረድን። ጠና ሲያየኝ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። «እትዬ፣ እናቶች አይወስዱትም። እንዲህ የተቀመጠ ብዙ አለኝ» አለ። ባፈና ከኋላዬ ቆመ፤ ገነቴ እጄን ያዘች።

መጀመሪያ ሰዉን አየሁ። እንዲያ ያለ ሰው ለልጄ መውጣቱን ሰምቼ ነበር እንጂ አላየሁም ነበር። ቀጥሎ እኔ መጣሁ።

«ይሄን ልዝለለው እትዬ» አለ ጠና።

«አትዝለለው» አልኩት።

ሴቲቱን አየኋት። ደረቷን ትመታለች፤ ሁለት ሰው ይዟታል። ከጎኗ የዳሱ ግድግዳ ነው፤ ቅጠሉ ሰፋፊ፣ አበባው እንደ ሙሽራ ልብስ ነጭ። አንድ ሁለት ሳይሆን ቅርንጫፉን የሞላ። ነፋስ ሲመጣ ይረግፋል። በጥቁር ኩታዬ ላይ፣ በፀጉሬ ላይ ነበረ። ቀኑ በቪዲዮው ጥግ ተጽፏል።

«ይኸውልሽ ሰነፍሽ» አለች ገነቴ ቀስ ብላ።

ልጄ ራሄል፣ እስከ ዛሬ ሥራውን ሳይጨርስ ሄደ እያልኩ ነበር የማለቅሰው። ዛፎቹ ግን እሱ እንደተናገረው ከጊዜያቸው ቀድመው አብበው፣ በለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ባለበት ቆመው ነበር። ከጠና ቤት ስወጣ በመናኸሪያው መሀል ቀና ብዬ ሄድኩ። ለቅሶ ልብስ የለበሰች ሴት እንዲያ አትሄድም፤ እኔ ሄድኩ።

ሚሞሪ ካርዱን በፖስታው ውስጥ ታገኚዋለሽ። እኔ ያለሁበትንም እዪው። አላፍርበትም።

ዓለሚቱ


ሐዋሳ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እማማ፣

ካርዱ ደርሶኛል። ብቻዬን ሆኜ አየሁት፤ ከዚያ ለመምህራችንና ለባልደረቦቼ አሳየኋቸው፤ የእርስዎን ቦታ ግን አላሳየሁም። ያ የእናንተ ነው። ያዩት ዳሱን ብቻ ነው።

በጽሑፉ ላይ ምን እንደምንል ልንገርዎ። እውነቱን ነው የምንለው። የመጀመሪያው አበባ መቼ እንደፈነዳ አናውቅም፤ ያየው ሰው የለም። ነገር ግን ነሐሴ 16 ቀን ቅርንጫፎቹ ሲታዩ አብበው ነበር፤ ስለዚህ ከዚያ ቀን እንዳልዘገየ እናውቃለን። ዕንባቆም በተከታተላቸው ዓመታት ሁሉ ይህን ያህል የቀደመ የለም። የታየውም በተመራማሪው የለቅሶ ሥርዓት በተቀረጸ ቪዲዮ እንደሆነ በግልጽ ጽፈነዋል። አንድ ዓመት ለብቻው ብዙ አይናገርም፤ ከነበሩት ዓመታት ጋር ሲሰለፍ ግን መንገዱ ይታያል። መንገዱን ደግሞ ያሳየን እሱ ነው። ስሙ ከሁላችንም ፊት ነው የሚጻፈው፤ ዕንባቆም ሀብቴ ተብሎ።

ጋሽ ባፈና ለመወቀስ የሰጡትን ስም ከነአባታቸው ተቀብዬዋለሁ። ያስገባሁት ግን ከምናመሰግናቸው ሰዎች ጋር ነው። እሳቸው አፍረው ቢደብቁን ይህ ዓመት ይጠፋ ነበር።

ማስረከቢያውን አራዝመውልናል። ከጽሑፉ መግቢያ በፊት አንድ ገጽ ባዶ ትቼያለሁ። እዚያ ላይ ምን እንዲጻፍ ይፈልጋሉ?

ልጅዎ ራሄል


ሌሞ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለራሄል፣

እንደምን አለሽ? ለፋሲካ የላክሽልኝ ኩታ ደርሶኛል። ነጭ ስለሆነ አልለበስኩትም፤ ዓመቱ ሲያልቅ እለብሰዋለሁ። በክረምቱ እመጣለሁ ያልሽውን ሰምቻለሁ፤ የዕንባቆም አልጋ የአንቺ ነው።

ለጋሽ ባፈና ደብዳቤሽን አነበብኩለት። የምስጋናው ጋ ስደርስ «እንደገና አንብቢው» አለኝ። አነበብኩለት። «እንግዲህ ዛፍ ቆርጦ የተመሰገነ በሀዲያ ምድር እኔ ብቻ ነኝ» አለ። ገነቴም «መጥረቢያህን ለቤተ መዘክር እንስጠው» አለችው። ከስንት ጊዜ በኋላ ሦስታችንም ሳቅን። ዋንዛዎቹ ከተቆረጡበት አቆጥቁጠዋል። ባፈና ከብት እንዳይበላቸው ዙሪያቸውን አጥሯል፤ በደጃችን ለሚያልፍ ሁሉ ስለ አበባና ስለ ሙቀት ያስተምራል። ግማሹን ይሳሳታል፤ አላርመውም።

ባዶውን ገጽ ስለጠየቅሽኝ ብዙ ቀን አሰብኩበት። ጽፌ ቀደድኩ፣ ጽፌ ቀደድኩ። ይህኛውን አልቀድደውም። ስህተት ካለው ፊደሉን አስተካክዪ፤ ቃሉን ግን አትለውጪብኝ።

«ይህን ጽሑፍ ለምታነቡ ሁሉ። ዕንባቆም ሀብቴ የእኔ ልጅ ነው። የተወለደው ሌሞ ነው። ሰው ሌላ ሥራ ሲይዝ እሱ ዛፍ መቼ እንደሚያብብ ይጠብቅ ነበር። ያየውን ጻፈ፤ ያላየውን አልጻፈም። እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ጽሑፉ ውስጥ ካለው ጥቂቱ ብቻ ነው የሚገባኝ። ስሙን ግን አነብበዋለሁ፤ ከፊት ነው ያለው። ከእሱ በላይ የምታውቁ ብዙ ናችሁ። ካጠፋ አርሙት፤ ከእሱም አልፋችሁ ሂዱ፤ ቢኖር ደስ ይለው ነበር። እኔ እናቱ የምለምናችሁ ሌላ ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ለነፍሱ ጸልዩልኝ። በክርስትና ስሙ ወልደ ሰንበት ብላችሁ ጥሩት። ለሞተ ሰው መጸለይ በሃይማኖታችሁ ከሌለ ደግሞ፣ ጎረቤቶቼ እንደሚያደርጉት ስለ ኖረበት ዘመን አመስግኑ። የሚጸልየውም የሚያመሰግነውም አንድ ጊዜ ስሙን ይጥራ። ወልደ ሰንበትን፣ ልጄን፣ እግዚአብሔር ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፈው በሉልኝ።»

እናቱ ዓለሚቱ